ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ያልነገርኩሽ

ውድ ኢልሀም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደሴ እንደተስማማሽ፣ የነርስነት ትምህርቱም እየሄደልሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እኔ ሸዋ ሮቢት እንደተውሽኝ ነኝ። ሙቀቱም እንዳለ ነው። የምጽፍልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ኢሜይልሽ ከተወሰደ አራት ወር ሆነው፤ ጥፋቱ ያንቺ እንደሆነ አባትሽም አንቺም ታምናላችሁ። ያንቺ አይደለም። ነገሩን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

ያን እሁድ ጧት ስልክሽን ይዘሽ ቤቴ መጣሽ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከመሥሪያ ቤት የደረሰውን ወረቀት ሁሉ እኔ ዘንድ እያመጣ እንደሚያስነብብ ታውቂያለሽ። እኔም አሠራር ነበረኝ፦ ቀን፣ ቁጥር፣ ጉዳዩ፣ ፊርማ፣ ማህተም። አምስቱ ከተሟሉ አምናለሁ፤ አንዱ ከጎደለ እመልሳለሁ።

«ጋሼ፣ ኢሜይል የከፈትኩበት ኩባንያ ነው የጻፈልኝ። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጥሽ ያስቀመጥሻቸው ፎቶዎች ይሰረዛሉ ይላል።»

የትኞቹ ፎቶዎች እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እናትሽ ዘይቱና ካረፈች በኋላ የቤተሰቡን አልበም ገጽ በገጽ በስልክሽ አንስተሽ ኢሜይልሽ ውስጥ አስቀምጠሽው ነበር። አጣዬ የነበረው ቤታችሁ በ2013 ሲቃጠል አልበሙም አብሮ ሄደ። የእናትሽ ፊት ከዚያ በኋላ የቀረው እዚያ ብቻ ነው።

«ቁጥር አለው?» አልኩሽ።

«አለው።»

«ማህተምስ?»

«ይኸው፣ ክብ ሰማያዊ።»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ግልባጭ የተደረገላቸው ክፍሎች ሳይቀሩ ከግርጌው ተዘርዝረዋል።

«ግን ጋሼ፣ የላኪው አድራሻ ግራ ገባኝ። የኩባንያው ስም አለ፤ ከኋላው ግን የማላውቀው ነገር ተቀጥሎበታል።»

«ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ይሆናላ።»

ሳቅሽ። «ጋሼ ደግሞ! ኢሜይል ቅርንጫፍ አለው እንዴ?»

«ባንኩ አጣዬም ጀውሃም ቅርንጫፍ አለው። ይሄ ለምን አይኖረውም? ጻፊ እንጂ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ጻፍሽ። መጀመሪያ የይለፍ ቃሉን፣ ቀጥሎ በአጭር መልእክት የመጣልሽን ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ። ትክክል የነበርሽው አንቺ ነሽ። አድራሻውን ያየሽው አንቺ፣ ያስቸኮልኩሽ ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ለእኔም መጣልኝ። የእኔው በኢንተርኔት ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ነኝ የሚል ነው፤ እርሳስ እንኳ ገዝቼበት አላውቅም። ማህተሙ ያንቺው ነው። ቀኑም፣ የደብዳቤ ቁጥሩም ያንቺው ነው። ሁለት የማይተዋወቁ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ቀንና በአንድ ቁጥር ደብዳቤ ወጪ አያደርጉም። እዚያው ገባኝ።

ያኔ ኢሜይልሽ ገና ስልክሽ ላይ ክፍት ነበር። የይለፍ ቃሉን ብትቀይሪና የማታውቂውን ስልክ ኢሜይልሽ ከተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር ብታስወጪ ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር። በጊዜው አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ፣ የኩባንያውን የእርዳታ ገጽ ያነበብኩት በዚያው ማክሰኞ ነው።

ረቡዕ ባጃጅ ተራው ጋ አገኘሽኝ። «ጋሼ፣ ያቺ ደብዳቤ ደህና ትመስልዎታለች?» አልሽኝ። «ደህና ናት» አልኩሽ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ስህተት በቀይ ሳሰምር ኖሬ የራሴን ማሳየት አቃተኝ። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አደርኩ፤ ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ ከጁምዓ መልስ እያለቀስሽ መጣሽ፤ የይለፍ ቃሉ ተቀይሮ፣ ከኢሜይልሽ ወጥተሻል። ያን ጊዜ እንኳ «ምናልባት ኮዱን ተሳስተሽ አስገብተሽ ይሆናል» አልኩሽ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አባትሽ እዚያው በረንዳዬ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «የእናትሽን ፊት አጠፋሽ» ብሎሽ ሄደ።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ሰሊማ ተመሳሳይ ኢሜይል ይዛ መጣች። «እንደ ኢልሀም እንዳልሳሳት ብዬ ነው እርስዎ ዘንድ የመጣሁት» አለችኝ። መቀመጫ ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ውስጡ ያለውን ሊንክ ሳንነካ፣ ኢሜይሉን አጭበርባሪ ብለን ሪፖርት አደረግን። የኩባንያውንም አድራሻ ራሴ ጽፌ ገጹ ላይ ገባሁና ቅጂውን ላክሁላቸው። ፖሊስ ጣቢያም አመለከትኩ። መርማሪው «ማህተሙ የማን ነው?» አለኝ። «እኔም የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ የላኪውን አድራሻ ነው መመዝገብ ያለብዎት» አልኩት።

አሁን ስልክ ይዞ የሚመጣን ሰው ማህተም አልጠይቅም። አድራሻውን ፊደል በፊደል አንብብልኝ እላለሁ። ደብዳቤው የሚያስቸኩል ከሆነ ደግሞ ሻይ አስቀርባለሁ።

ትናንት ጀውሃ፣ አባትሽ እርሻ ድረስ ሄድኩ። አባትሽ የማሽላ ጆንያ እየሰፋ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት።

«ማክሰኞ ዐውቀህ?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

«ዓርብ ጎኔ ቆመህ ሰግደሃል እኮ! በረንዳህ ላይ በልጄ ስጮህ ሰምተህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«አንተ መምህር! ማሽላዬን ወፍ ሲበላው ብታይ እንኳ ትጮህልኝ ነበር።»

ጆንያውን እስከ ጫፉ ሰፍቶ ክሩን በጥርሱ በጠሰው። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ «የዘይቱናን ፊት ዐይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። አራት ወር ያላየሁት የልጄን ነው» አለ።

«ደውልላት እንግዲህ፣ ሷሊሕ።»

«መጀመሪያ አንተ ንገራት። እኔ የምላትን አላውቅም።»

በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ብትሰሚ እኔን ለማጽናናት ስለምትቸኩዪ ነው። ያ ለእኔ አይገባም። በወረቀት ላይ ግን ጊዜ ወስደሽ መቆጣት ትችያለሽ፤ ተቆጪ።

ፎቶዎቹ ይመለሳሉ ብዬ ቃል አልገባም። ኩባንያው ኢሜይሉ የተወሰደበት ሰው የሚሞላው ማመልከቻ አለው። ባለቤቷ አንቺ ስለሆንሽ መሙላት ያለብሽም አንቺው ነሽ፤ ከዚህ በፊት በገባሽበት ስልክ ይሁን። ማክሰኞ የሆነውን፣ ረቡዕ የሆነውን፣ ሰዓቱን ጭምር በሌላ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። እንደ ምስክር ስሜን ጥቀሺ።

ደብዳቤውን ለሹፌሩ ለሱሌይማን ሰጥቼዋለሁ፤ ሐሙስ ይደርስሻል። አንድ ነገር ቀረኝ። አባትሽ ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና ወደ ደሴ ይነሳል። «እንዳትነግራት፣ ካወቀች ላታገኘኝ ትችላለች» ብሎ አጥብቆ ለምኖኛል። እሺ አላልኩትም። የማውቀውን አንቺ እንዳታውቂ ማድረግ አንዴ ሞክሬዋለሁ። መናኸሪያ ወጥተሽ መቀበል አለመቀበልሽን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ መኪናው የሚደርሰው ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው።

ያስተማረሽና የበደለሽ፣
ሙጂብ
ሸዋ ሮቢት