ሠላሳ አንደኛው ፊርማ

ሬዜክኔ፣ ኦክቶበር 19

ለታናሿ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ልጆቹስ? የባልሽ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም ወንበር ላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጦ ያዝዝሻል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እማዬም ዛሬ ደህና ናት፤ ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፍልሽ ደብዳቤውን እየሰጋሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው። ትናንት ግማሽ ሳህን የዱባ ሾርባ ጠጥታ "ጨው የለውም" ብላ ተቆጣችኝ። ስትቆጣኝ ደስ አለኝ።

ባለፈው ስትደውይ "ማሞቂያው ተከፍቷል፣ ደህና ነን" ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ተቀይመሽ ከሆነ ይቅር በይኝ። እማዬ አጠገቤ ተኝታ ነበር። ደግሞ ይህ በስልክ የሚወራ ነገር አይደለም። በስልክ ብጀምረው አንቺ መሐል ላይ ትጮሂያለሽ፣ እኔም ደንግጬ ግማሹን እውጠዋለሁ።

አንቺ ኖርዌይ ከገባሽ አሥራ አንድ ዓመት ሞላሽ፤ የብሎካችንን ወግ ሳትረሺው አትቀሪም። አንቺ ሲበርድሽ ግድግዳው ላይ ያለችውን ነገር ታዞሪያለሽ፣ አለቀ። እኛ በአንድ ሕንፃ ስልሳ ቤት ነን፤ አብረን እንሞቃለን፣ ካልሆነም አብረን እንንቀጠቀጣለን። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የብሎኩ ተጠሪ ወረቀቷን ይዛ በር ለበር ታንኳኳለች። ሠላሳ አንድ ባለቤት ከፈረመ፣ የከተማው ማሞቂያ ጣቢያ ሰው ይልክና ምድር ቤት ያለውን ትልቁን ቧንቧ ይከፍታል። ሠላሳ ከሆነ አይከፍትም። እማዬ ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራችው። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ ሲከዳት፣ ወረቀቱና የምድር ቤቱ ቁልፍ ወደ እኔ ዞሩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ማንም እኔ ልውሰደው ስላላለ ነው።

እማዬ ያወጣችው አንድ ደንብ አለ፤ የተጠሪዋ ቤት የሚፈርመው መጨረሻ ላይ ነው። "እሷ ሲበርዳት ሰዉን አስገድዳ አስፈረመች እንዳይሉኝ" ትል ነበር። የቤታችን ባለቤት በመዝገብ እሷ ናት፤ ስለዚህ የሚፈረመው በእሷ እጅ ነው። ይህን ልብ በይልኝ።

ዘንድሮ ብርዱ ተቻኮለ። ሴፕቴምበር ሃያ ላይ ከታች የቆሙት መኪኖች መስታወታቸው ነጭ ሆኖ አደረ። እኔም በማግስቱ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። ምድር ላይ ጥግ ቤት ያሉት ወይዘሮ ዞፊያ ካፖርት ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው በር ከፈቱልኝና ገና ሳልጠይቃቸው እስክሪብቶውን ነጠቁኝ። "ልጄ፣ የእኔ ቤት ለድንች ማስቀመጫ እንጂ ለሰው አይሆንም" አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ መሐል ቤት ያለው ቮልዴማርስ ደግሞ እንደ ልማዱ በቁምጣ ቆሞ ጠበቀኝ። አብረን የተማርነው፣ ትምህርት ቤትም እያለን እርሳስ ከሰው እንጂ ከቤቱ ይዞ የማይመጣው ቮልዴማርስ። "እኔ ከላይ ጎረቤት አለኝ፣ ከታች ጎረቤት አለኝ፣ ግራና ቀኝም አለኝ። እነሱ ሲሞቁ እኔ እሞቃለሁ። ምን ቤት ነኝና እፈርማለሁ?" አለኝ። እነሱም እኮ ገና አልሞቁም ስለው፣ "እንግዲያው ሹራብ ይደርቡ፤ ሹራብ ፊርማ አይጠይቅም" ብሎ በሩን ዘጋብኝ። የየዓመቱ ጨዋታችን ነው፤ ጥጎቹ ይፈርማሉ፣ መሐሎቹ ይግደረደራሉ፣ እኔ ደረጃ እወጣለሁ እወርዳለሁ።

አሁን እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ኤድቪንስ የሚባል ሰው አለ። መጋረጃ የምንሰፋበት ቤት የስፌት መኪናዎቻችንን ይጠግን ነበር። ሚስቱ ሞታበታለች። ዘንድሮ የአባቱን ቤት ወርሶ ባሕሩ አጠገብ ወዳለችው ወደ ፓቪሎስታ ሄደ። በኦገስት ጻፈልኝ። ቤቱ ለሁለት ሰው ይበቃል፣ ምድጃው ጥሩ ነው፣ እስከ ማርቲን ቀን፣ እስከ ኖቬምበር አሥር፣ እጠብቅሻለሁ ይላል። ከማርቲን በኋላ ለክረምቱ ሥራ ወንድሙ ጋ ጀርመን ይሄዳል። "ስመለስ ግን ደግሜ አልጠይቅሽም፤ ሁለቴ የሚለምን ሰው አይደለሁም" ብሎ ጽፎልኛል። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማንም ነይ ቤቴ ግቢልኝ አይለኝም።

እማዬን ይዤ ልሂድ እንዳልል፣ "ከዚህ ቤት የምወጣው በሳጥን ተኝቼ ነው" ትላለች። እማዬ ካለች አለች ነው ብሎ ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። መጦሪያ ቤት እንዳላስገባት ደግሞ ስትሮክ የመታት ሳምንት ሆስፒታል አልጋ ላይ አስምላኛለች። ማልኩላት። አንቺም በስልክ ሰምተሽ "ጎበዝ፣ እህቴ" አልሽኝ። ያቺ "ጎበዝ" እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዷ ትሄዳለች፣ አንዷ ጎበዝ ትባላለች።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳኛውን ፊርማ አገኘሁ። የሚፈርም ሁሉ ፈርሞ፣ የቀረው የእማዬ ብቻ ነበር። ስገባ ተኝታ አገኘኋትና ላስነሳት አልፈለግሁም። ሰኞ ከሥራ ዘግይቼ ገባሁ። ማክሰኞ ራሷ ጠየቀችኝ፤ "ስንት ደረሰልሽ?" አለችኝ። "ሃያ ስድስት" አልኳት። አስቤው አይደለም፣ አፌ ነው ያለው። እኔ ራሴ ስሰማው ደነገጥኩ። "ምነው ዘንድሮ ሰዉ ለገመ" አለች። ረቡዕም ጠየቀችኝ፤ ረቡዕም ሃያ ስድስት ነበር።

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ለምሳ በምይዘው ጥቁር ዳቦና በመነጽሬ መሐል፣ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ። በየቀኑ አየው ነበር።

ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያስ ትይኝ ይሆናል። በኦገስት ተበላሽታ ለጥገና ሰጥቻት ነበር። ጠጋኙ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ደውሎ "ተጠግናለች፣ ውሰጃት" ብሎኛል። ሱቁ በሥራ መንገዴ ላይ ነው። ጠዋት በበሩ አልፋለሁ፣ ማታም በበሩ አልፋለሁ። ነገ እወስዳታለሁ እል ነበር። ስፌት ቤቱ የራሱ ማሞቂያ ስላለው እጄ ይሞቅልኛል፤ ማንም ያላዘዘኝን መጋረጃ እየዘመዘምኩ አመሽ ነበር። ቤት ስገባ ቴርሞሜትሩ አሥራ አራት ይላል። እማዬ ቀኑን ሙሉ አሥራ አራት ላይ ተኝታ ውላ ነበር።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። እኔም ራሴን ስጠይቅ ሌላ ነገር ማሰብ እጀምራለሁ። ልብሱን ማጠብ፣ መስኮቱን መወልወል፣ የማርቲን ቀን ስንት ቀን እንደቀረው መቁጠር።

ሐሙስ ዕለት፣ ኦክቶበር ሁለት መሆኑ ነው፣ ወይዘሮ ዞፊያ እኔ በሌለሁበት ትኩስ ጎመን ይዘው እማዬን ሊጠይቁ ገብተው ነበር። መምጣታቸውን ያወቅሁት ሳህናቸውን አይቼ ነው፤ ምን እንዳወሩ አላወቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እማዬ "ስንት ደረሰልሽ" ማለት ተወች። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ልደርብልሽ ስላት "አልበረደኝም፣ አንቺው ልበሺው፣ አንቺ ነሽ ሠራተኛዋ" አለችኝ። የሱፍ ካልሲ ላጥልቅልሽ ብዬ ስጠጋ እግሯን ሰበሰበች። እጇን ስነካው እንደ ቧንቧ ውኃ ቀዝቅዟል፣ እሷ ግን "አልበረደኝም" ትላለች። እኔም አመንኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ማመኑ ቀለለኝ።

ኦክቶበር ዘጠኝ ጠዋት ሻይ ይዤላት ስገባ አልመለሰችልኝም። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ደረቷ እንደ ወናፍ ያፏጫል። አምቡላንስ ጠራሁ። ሳንባ ምች ነው ተባለ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ፊት ለፊቴ ቆማ "ቤታችሁ ይሞቃል?" ብላ ጠየቀችኝ። "የብሎኩ ሰው ገና አልፈረመም" አልኳት። አየችኝና "ሁልጊዜ ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚከፍሉት" ብላ ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ሆስፒታል ይዤላት ሄድኩ። ኦክሲጅን አፍንጫዋ ላይ ነበር። የት ልፈርም አላለችኝም፤ የመጨረሻዋ መስመር የእሷ እንደሆነች ታውቃለች። በግራ እጇ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ምላሷን ወጣ አድርጋ ፈረመች። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ "አሁን ስንት ሆነ?" አለችኝ። "ሠላሳ አንድ" አልኳት። "በይ እንግዲህ ይሞቃሉ" አለች። በማግስቱ ቧንቧው ተከፈተ። ውኃው በብረቱ ውስጥ ሲንኳኳ ብሎኩ በሙሉ ሰማ፤ ቮልዴማርስ እንኳ ደረጃ ላይ ወጥቶ አጨበጨበ አሉ።

ለሰባት ቀን ተኝታ ወጣች። ወደ ቤት ስናስገባት ወይዘሮ ዞፊያ ደረጃው ላይ ያዙኝ። በሹክሹክታ፣ "እኔ እኮ ያን ሐሙስ ለእናትሽ ነግሬያቸው ነበር" አሉኝ። "ሠላሳ ሆነናል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት ብያቸው ነበር። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ልጄ በየቀኑ እግሬ ላይ ወድቃ ትለምነኛለች። ከማርቲን በፊት ማሞቂያ የሚያስከፍት ሰነፍ ነው' አሉኝ። አይ ልጄ፣ እንዴት ያለች ደረቅ እናት ነው እግዚአብሔር የሰጠሽ። መንግሥተ ሰማያት የአንቺ ናት።"

እዚያው ደረጃው ላይ የብረቱን መደገፊያ ያዝኩ። ወይዘሮ ዞፊያ ደክሞኝ መስሏቸው ጀርባዬን አሹኝ።

አሁን ብሎኩ በሙሉ እማዬን ያማል፣ ለእኔ ያዝናል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው። ቮልዴማርስ በራችን ላይ አንድ ማሰሮ በጨው የተዘፈዘፈ እንጉዳይ አስቀምጦልኝ ሄደ፤ ማሰሮው ላይ የለጠፈው ወረቀት "ለትዕግሥትሽ" ይላል። ልበላውም ልጥለውም አልቻልኩም፤ መስኮቱ ላይ ቁጭ ብሏል። እማዬ ብትሰድበኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድም ቃል አላለችኝም። ለአንቺ ስጽፍልሽ እንኳ "ጎረቤቶቹ እምቢ አሉ ብለሽ ጻፊላት፤ እሷ ስለ ብሎክ ምን ታውቃለች" አለችኝ። እንዲህ ብላ እጅ እግሬን አሰረችኝ።

ትናንት ያን ጨው የሌለውን ሾርባ ስትጨርስ አፏን ጠርጌላት ልነሳ ስል፣ "ያ ባሕሩ ጋ ያለው ሰውዬ እስከ መቼ ነው የሚጠብቅሽ?" አለችኝ። ስለ ኤድቪንስ ለሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ደብዳቤው በየት አልፎ እጇ ገባ፣ መቼ አነበበችው፣ በአንድ እጅ እንዴት አጥፋ መለሰችው፣ አላውቅም። "ማንም አይጠብቀኝም፣ እማዬ" አልኳት። "ውሸታም" አለችኝና ፈገግ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወጥ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

እንግዲህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ከማርቲን ቀን በፊት ነይ። በስልክ እንደምትይው "በገና እናያለን" አትበይኝ። ኤድቪንስ ጋ እንድሄድ ብለሽም አይደለም፤ ብሄድም ባልሄድም ነይ። ቤቱ አሁን ሃያ ሁለት ዲግሪ ነው፣ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ክረምቱ ግን ረጅም ነው። ክኒኗን የምቆጥርላት እኔ ነኝ፣ መስኮቱን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ። እሷ ደግሞ ምንም ባደርግ ምንም "አልበረደኝም" ነው የምትለኝ። ነይና ውሰጃት፣ ካልሆነልሽም ነይና እዚህ ተቀመጪ። እህቴ፣ እማዬን ከእኔ ጋር ብቻዋን አትተያት።

መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ፤ ከእነሱ መሐል እንዲህ ያለ ደብዳቤ የምትጽፍ ልጅ አይስጥሽ።

ታላቅ እህትሽ