ያንትራጂትና የአባባ ሚዛን

ለውድ ወንድሜ ለብሪጅሞሃን፤

ወንድም ጋሼ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ደረትህስ? የደልሂ ብርድ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ያስልሃል? ባለፈው ደብዳቤህ ቀለም ስነካ ውዬ ማታ ማታ ጣቶቼ ይደነዝዙብኛል ብለህ ነበር፤ እማማ የሰናፍጭ ዘይት አሙቀህ እሻቸው ብላሃለች። አብሮህ የሚኖረው ልጅ አሁንም ምስሩን ያሳርራል? እንቅልፍስ ታገኛለህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። እማማ ጉልበቷን ብቻ ደረጃ ስትወጣ ይይዛታል። ላሚቱ ጥጃ ወልዳለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። ሁላችንም ደህና ነን ብዬ እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር፣ ግን አልቻልኩም። የምነግርህን ነገር ፊት ለፊት ብንሆን አልናገረውም ነበር። አሁንም ከወረቀቱ ቀና ሳልል ነው የምጽፈው።

የአባባ የዓይን ሞራ ተገፎለታል። በየዓመቱ በብርዱ ወራት የሚመጡት ሐኪሞች ዘንድሮም ከቤተ መቅደሱ ጎን ባለው የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ደርድረው ነበር። ወረፋ ይዘን የቀኝ ዓይኑን ሠሩለት፤ ግራው ለከርሞ ነው ተባለ። ዓይኑን በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ቤት ሲልኩት ነርሷ እማማንና እኔን ደጋግማ አስጠነቀቀችን። እንዳያጎነብስ፣ እንዳያስል፣ እንዳይቆጣ፣ ከሁሉም በላይ እንዳያለቅስ አለች። ይህን የምጽፍልህ ለማመካኘት አይደለም። ላመካኝ ብልም ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

ሥለህ የላክልን የሥዕል መጽሔት፣ ኮሚኩ፣ የደረሰው ልክ በዚያ ሳምንት ነው፣ አባባ ዓይኑ ታሽጎ በጀርባው በተኛበት። ከአንተ ነው ስለው እጁን ዘረጋ። ሽፋኑን በመዳፉ ዳበሰውና «ስሙ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቱን ይዤ ስምህ የታተመበት ላይ አስቀመጥኩለት። ለረጅም ጊዜ ከዚያ አላነሳውም። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ልጄ ታርቆኛል» አለ። እኔ በምን እንደተጣላችሁ እንኳ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ተጯጯኻችሁ፣ አንተ ሄድክ፣ ከዚያ ወዲህ የዲዋሊ በዓል መጥቶ በሄደ ቁጥር እማማ ያንተንም መብራት ለብቻ ታበራለች፤ የማውቀው ይህን ብቻ ነው።

«በይ አንብቢ» አለኝ። ንባቤን ታውቀዋለህ፤ ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ የመድኃኒት ወረቀትና ያንተን ደብዳቤ እንጂ ምን አንብቤ? ድምፄም ከጉሮሮዬ አይወጣም። እሱ ግን ቀስ ማለቴን ወደደው። ያንትራጂት የተባለው የብረት ፖሊስ ከላቦራቶሪው በር ሲወጣ፣ ቀይ ዓይኖቹ ሲበሩ፣ የባንክ ዘራፊዎቹን ጂፕ በአንድ እጁ ሲያነሳ አነበብኩለት። አባባ በየመሃሉ ያቋርጠኛል።

«ቆይ፣ ይሄ የብረት ፖሊስ ምን ይበላል?»

«ኤሌክትሪክ ነው አባባ።»

«እዚህ ላሊትፑር ቢመድቡት በረሃብ ያልቃላ! መብራቱ የሚመጣው ለዓይነት አይደል እንዴ? ደግሞስ ማን ታገባዋለች?»

እማማ ከጓዳ ሆና «የማይጨቀጭቅ ባል ከሆነ እኔ አለሁ» አለች። አባባ ሳቁን ለመያዝ ትራሱን ጨበጠ። ቤታችን እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ገጹን ገለጥኩ።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ ያንን ገጽ ታውቀዋለህ። አባባ ስኳር ሲመዝንበት የኖረው የራሽን ሱቅ፣ የመንግሥት ኮታ ማደያው፣ ከነሰልፉ አለ። ትልቁ ሚዛን አለ። ከሚዛኑ ኋላ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠው ሰው አንዱ የጢሙ ጫፍ ከሌላው ዝቅ ያለ ነው፤ እጁ ላይ ቀይ ክር አስሯል፤ ሻርፑን ጆሮው ላይ እንዴት እንደሚቋጥረው እንኳ አልረሳህም። ነጭ ሳሪ የለበሱ አሮጊት ከረጢታቸውን ይዘው ይለምኑታል፤ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ለስኳር ነው እንጂ ለወርቅ አልተሰለፍሽም፣ ዞር በይ!» የሚል ነው። ይህን ቃል በዚህ ከተማ ከአባባ በቀር ማንም አይለውም። ያንትራጂት እጁን ይዘረጋል፣ የሸቀጡ ሳህን ወደ ላይ ይፈናጠራል፣ ከሥሩ የተለጠፈው ማግኔት ተገንጥሎ የብረት መዳፉ ላይ ይጣበቃል። «ስንት ዓመት ከሰው አፍ ሰረቅክ?» ይለዋል።

ማግኔቷን አወቅኳት። ጣሪያ ላይ ተቀምጠህ የፈታኸው ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የነበረችው ክቧ ናት። አባባ ወሰደብህ፤ መልስልኝ ብለህ ስታለቅስ በጥፊ መታህ። ትንሽ ስለነበርኩ የተመታኸው ሬዲዮውን ስላበላሸህ ይመስለኝ ነበር። እንግዲህ አባቴ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበር የተማርኩት ከኮሚክ ነው፣ እሱ አጠገቤ ተኝቶ «ቀጥዪ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?» እያለኝ።

ቀጠልኩ። ግን የጻፍከውን አላነበብኩም። ማግኔቱን የለጠፈው ከሌላ ከተማ የመጣ ሌባ ነው አልኩ። ጢማሙ መዛኝ ግን ጨዋ ሰው ነው፤ ሌባውን ደርሶበት ፋኖስ አብርቶ ለያንትራጂት ምልክት ይሰጠዋል አልኩ። ስለ ስኳርና ስለ ወርቅ የሚለውን ቃል ለሌባው የሚናገረው ጨዋው መዛኝ ነው አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ በሕይወቴ ያን ያህል ያለማቋረጥ ተናግሬ አላውቅም። አባባ ተነስቶ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው። «ይሄማ እኔ ነኝ! የራሴ ቃል ነው! ልጄ እኔን ሳለኝ!» አለ።

እማማ ግን ሥዕሉን አይታ ነበር። ጓዳ ስገባ ሊጡን እየደበደበች፣ ቀና ሳትል፣ «ስትበይው የኖርሽው ቂጣ ከየት የመጣ መሰለሽ?» አለችኝ። ያን ቀን ራት አልበላሁም።

ውሸቴ በዚያው ቢቀር ደግ ነበር። አባባ ግን በየቀኑ ድገሚልኝ ይላል። የተናገርኩትን ሳምታታ ያርመኛል፣ «አይደለም፣ ፋኖሱ የሚበራው ከዚህ በፊት ነው፤ አስተውለሽ አንብቢ» ይለኛል። ፀሐይ ሲወጣ አልጋውን ግቢ አስወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ይጠራል። «ልጄ ከብረቱ ፖሊስ ጋር አሰለፈኝ፤ ሰምታችኋል?» ይላቸዋል። ሰውማ ሰምቷል። ጉላብን ታስታውሰዋለህ? ኒሙ ዛፍ ሥር ገመድ ላይ ኮሚክ በልብስ መቆንጠጫ እየሰቀለ የሚያከራየውን? «እህቴ፣ የወንድምሽ መጽሔት ገመዴን ሳይነካ ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው» አለኝ፣ እያሳዘንኩት እንደሆነ ፊቱ ያስታውቃል። ልጆች በበራችን ሲያልፉ «ማግኔቱ!» ብለው ይሮጣሉ። አባባ ምን አሉ ሲለኝ፣ የያንትራጂትን ጨዋታ እየተጫወቱ ነው አልኩት። ያስደስተዋል፤ እጁን ያወዛውዝላቸዋል።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ደረስኩ። መታጠፊያው ላይ ያሉት እትዬ ካላዋቲ ትኩስ ወተት ይዘውለት መጡ። ባለቤታቸው ከሞቱ ጀምሮ ነጭ ሳሪያቸውን አልቀየሩም፤ ሥዕሉ ላይ ያሉት አሮጊት እሳቸው መሆናቸውን ለእኔ ማን ሊነግረኝ? የልጅ ልጃቸው ጉድዲ አብራቸው ነበረች፤ እሷ ደግሞ ኮሚኩን ጉላብ ዘንድ አንብባ ነግራቸዋለች። አባባ ድምፃቸውን ሲሰማ «ካላዋቲ እህቴ፣ ነይ ተቀመጪ! ኡርሚላ፣ ያቺን የሚዛኗን ቦታ አንብቢላት!» አለ። አነበብኩ። እሳቸው ፊት ተቀምጬ ያንን የፈጠርኩትን ሁሉ አነበብኩ፤ የወተቱን ማሰሮ ጉልበታቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ።

ከዚያ ጓዳ ተከትለውኝ ገቡ። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «አባትሽ እንዲህ የሚቀልድብኝ ምን አድርጌው ነው? ሚዛኑን የማላውቅ መስሎታል? ስኳሩን ቤቴ ስገባ በቆርቆሮዬ እሰፍረው ነበር፣ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሌላ የራሽን ሱቅ ስለሌለ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ አልበቃው ብሎ አሁን ጠርቶ ሊያስጨበጭበኝ ነው?»

እሱ አያውቅም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። «አይ እትዬ…» ብዬ ቀረሁ። ማሰሮውን አጥቤ መለስኩላቸው። ተመልሼ ልናገር በራቸው ድረስ ሄጄም የጉድዲን ድምፅ ስሰማ ዞርኩ።

ወፍራሙ መነጽር የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ አባባ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። በአዲሱ ዓይኔ መጀመሪያ የማየው የልጄን እጅ ሥራ ነው አለ። እማማን ሰሊጥ በሸንኮራ ስኳር እንድታድበለብል አዘዛት። ጠዋት ብቻችንን ሳለን ልነግረው ከንፈሬን ከፈትኩ። «ምን ልትዪ ነው?» አለኝ። «ውሃ ላምጣልህ?» አልኩት።

መነጽሩን አድርጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሰዉ ግቢውን ሞላ፤ እትዬ ካላዋቲም በሩ ጋ ቆመዋል፤ አለመምጣት ነውር ስለሚሆን እንጂ መቼ ፈልገው። አባባ ገጾቹን አንድ በአንድ እየገለጠ ታሪኩን በቃሉ ይነግራቸው ጀመር፣ ጂፑን፣ ዘራፊዎቹን፣ ቀያይ ዓይኖቹን። እዚያ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ የተሳለው ጢም ላይ ሄደ፤ ከዚያ ማግኔቱ ላይ። መነጽሩ ዓይኑን ስላገዘፈው ዓይኑ የሚሆነውን ሁሉም ሰው አየ። «እዚህ ጋ… እዚህ ጋ መዛኙ ፋኖሱን ያበራል» አለ።

ጉድዲ «ፋኖስ የታለ አባባ? ማግኔት ነው እኮ!» አለች።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ቢስቁ ይሻል ነበር። እትዬ ካላዋቲ የሳሪያቸውን ጫፍ ራሳቸው ላይ ሳብ አድርገው «ጉድዲ፣ ነይ እንሂድ» አሉ። ሌላውም አንድ በአንድ ወጣ። የእማማ ድብልብል ትሪው ላይ እንዳለ ቀረ።

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አውልቆ «አሁን እንደተጻፈው አንብቢልኝ» አለኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። ያንትራጂት መዛኙን አስሮ ሲወስደው ያለውን እንኳ አላስቀረሁበትም። ስጨርስ «ማግኔቷ የብሪጅሞሃን ነበረች» አለ።

በማግስቱ ዱላውን ይዞ ብቻውን ወጣ። ጣሪያ ላይ ልብስ እያሰጣሁ አየሁት። በዚያ መነጽር መሬቱ ወደ ላይ የሚነሳበት ይመስል እግሩን ከፍ እያደረገ፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣ የእትዬ ካላዋቲ መታጠፊያ ድረስ ሄደ። እዚያ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። በማግስቱም እንደዚያው አደረገ።

እኔ ዛሬ ሄድኩ። ጉድዲ ብትኖርም ገባሁ። «ያ ሁሉ የኔ ፈጠራ ነው፤ አባባ ያን ጊዜ የሚያውቀው ነገር አልነበረም» አልኳቸው። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም፤ ወለሉን እያየሁ ነው የተናገርኩት። እትዬ ካላዋቲ ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸውን አላቆሙም። «ያንቺን ሰማሁ» አሉኝ። «የሱን ደግሞ ከሱ እሰማለሁ።»

ወንድም ጋሼ፣ አንተንም ልወቅስህ ፈልጌ ነበር። ለእኛ ሳትነግረን ለአገሩ ሁሉ እንዴት ትናገራለህ ልልህ ነበር። ግን ሥዕሉን ደጋግሜ ሳየው ጢሙን ፀጉር በፀጉር ነው የሳልከው፤ የምትጠላውን ሰው እንዲህ ተጠንቅቀህ የምትስል አልመስለኝ አለ። እኔ በውሸቴ ሰው ፊት አዋረድኩት፣ እትዬ ካላዋቲንም ሁለተኛ ጊዜ አስበደልኩ። ከዚያች መታጠፊያ አልፎ በራቸው ድረስ የሚሄድበትን ክንድ እኔ ልሰጠው ሞከርኩ፤ እጄን አራገፈው። ያንተን የሚያራግፍ አይመስለኝም። ለሆሊ በዓል ና። ሥራ ከበዛብህ ለአንድ ቀን ብቻ ና፤ ሌላ ነገር አትላክልን።

እማማ ትስምሃለች፤ ያልተበላውን ድብልብል አድርቄ አስቀምጬልሃለሁ ብላለች። ጉላብ ሰላም ይልሃል፤ ያንን ገጽ ከራሱ ቅጂ ላይ ቀዶ እንደጣለው ነግሮኛል፤ እኔ ግን አልጠየቅኩትም ነበር። ጉድዲ ያንትራጂት ዝናብ ሲመታው ይዝግ እንደሆነ ንገረኝ ብላለች። እትዬ ካላዋቲን ሰላምታ ልጻፍ ብዬ ጠይቄያቸው «ሲመጣ እሰጠዋለሁ» አሉ። አባባን ምን ብዬ ልጻፍልህ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውል ቆየና «አይቼዋለሁ ብለሽ ጻፊለት» አለኝ።

ታናሽ እህትህ
ኡርሚላ

ላሊትፑር፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 1987