የሚስ ሩት ሥዕልና የኔ አንድ ዓይን

ማክሰኞ፣ ማርች 4፣ 1997፤ ጠዋት

ለሚስ ሩት ቁርስ አቀረብኩ፣ መድኃኒታቸውን ሰጠሁ፣ የብሩሹን እጀታ በጨርቅ ጠቀለልኩ። ጣታቸው ደርቋል፣ ቀጭን ነገር አይጨብጥም። እንቁላል ካልበላሽ ብለው ነዘነዙኝ። ሁዳዴ ነው ብል ማን ሰምቶኝ።

ደብተሬ፣ ጠዋት ጠዋት የምንከባከባቸው እኚህ አሮጊት ሠዓሊ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳሉት የሚሠራ ሰው ነው። ጥጥ ለቃሚ፣ ልብስ አጣቢ፣ ግንበኛ። ጥቁርና ነጭ ሴት ባንድ ገበታ ሲበሉ ስለው ከአስተማሪነት ተባረዋል። ተባርሬም ጦሜን አላደርኩም ይላሉ።

አሁን ለከተማችን ለጋርላንድ ላይብረሪ ግድግዳ የሚሆን ትልቅ ሥዕል ይዘዋል። የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። እኔና ሦስት ሴቶች፣ ከሰዓት የምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስናጥፍ። በር ላይ አለቃ ቆሞ ይቆጣጠረናል። ስሜ እንዳይጻፍ ብዬ ነው እሺ ያልኩት። ማኔጀሬ እንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ስሜን ካየ ሺፍቴን ይቆርጠዋል።

ቅዳሜ፣ ማርች 8

እማዬን ሥዕሉን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ምነው በቀረብኝ! ጠጋ ብላ አየችው። አማተበች። ከዚያ፣ "ልጄን እንደ ይሁዳ ባንድ ዓይን?" አለች።

በቤ/ክ ሥዕል ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳለው ከሐዲ ነው። ሚስ ሩት እናትሽ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። ያምራል አለች አልኩ። በጾም ውሸት!

ሰኞ፣ ማርች 10

እማዬ ያ ሥዕል ከተሰቀለ ላይብረሪው ደጃፍ አልደርስም ብላለች። እንግሊዝኛ የምትማረው እዚያ ነው። ቀለም ነው እኮ ብዬ ተቆጣኋት።

ዛሬ ግን ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። አራታችንም በጎን፣ አንሶላው ላይ ያቀረቀርን። ሁለት ዓይን ያለው አለቃው ብቻ!

ሶ፣ እማዬ ያለችውን እውነቱን ለሚስ ሩት ነገርኳቸው። ሥራ ሰውን ያጎብጣል፣ ያየሁትን ነው የሳልኩት፣ ለማንም ቤ/ክ ብዬ አልቀይርም አሉ። እንግዲያው እኔን ያውጡኝ አልኩ። ኦኬ አሉ። ኦኬ! ሳልሰናበት ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11

ስገባ ሥዕሉ ላይ ፊቴ የለም። በቢላ ተፍቋል። ያውጡኝ ያልኩት ራሴ ነኝ፣ ግን አለቀስኩ።

ሚስ ሩት ብሩሹን ጠቅልይልኝ አሉ። ጠቀለልኩ። ሃምሳ ዓመት ሰው ሲሠራ ስስል አንዱንም ቀና በል ብዬ አላውቅም አሉ። ወንበር አሳዩኝ።

"አንሶላውን ተይና እኔን እዪኝ" አሉ።

እሑድ፣ ማርች 23፤ ከቤ/ክ መልስ

ሥዕሉ አለቀ፤ አራታችንም ቀና ብለናል። በዚያ በደረቀ ጣታቸው! አለቃውን ወደ ጎን አዞሩት፣ ሳል እስኪይዛቸው እየሳቁ። እማዬ መጥታ ዓይኖቼን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ ሚስ ሩትን አገላብጣ ሳመቻቸው።

ነገ ላይብረሪው ይወስደዋል። ከሥር የሦስቱ ስም ተጽፏል። የኔ ቦታ ባዶ ነው፣ እንደተባባልነው። ማኔጀሩን አሰብኩ። ሺፍቴን አሰብኩ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ያቺ ሥዕሉ ላይ ያለችው ጽጌ ምንም አልፈራችም።

ይጻፉት አልኳቸው። ከነአባቴ ስም። ጽጌ በላቸው።