ከተዘጋው ክፍል ወደ መርከቡ

ቡታጅራ፣ ጥር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሙባሪክ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ባሕሩስ እንዴት ይዞሃል? ስልክህ እዚያ ውሃ ላይ እምቢ ቢለኝ ነው የጻፍኩት። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ ብርዱ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስብ።

ያን የመርከብ ጥናትህን ካስረዳኸኝ ወዲህ መንደሩን አስቸግሬአለሁ። «የሽርሽር መርከብ ላይ አንዱን ካስመለሰውና ካስቀመጠው ክፍሉ ይዘጋበታል፤ ምግቡን በር ላይ አኑረውለት ይሄዳሉ። በሽታውን የሚያዛምተው ግን መታመሙን የደበቀው ነው» አላልከኝም? እኔም ስቄ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ! ለዚህ ነው ባሕር ማዶ ድረስ የሄድከው?» አልኩህ። አሁን ሳቁ የለም።

ለአረፋ አክስትህ ሃሊማ ከቡኢ መጣች። ክትፎው ሳያልቅ ያ የዘንድሮው ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ከጤና ጣቢያ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት ይዘን ተመለስን። እኔስ ማን ነኝ? የተማረ ልጅ እናት! የጓሮውን ክፍል አጽድቼ አስገባኋትና ዘጋሁባት። ምግቧን ደፉ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ጠያቂ ሲመጣ «ልጄ እንዲህ ብሏል» እያልኩ ከአጥር እመልሳለሁ። ወይ ጉድ! በእኛ አገር የታመመ ሰው ሳይጠየቅ! ሳሌሃ የባሏን እህት እንደ ጥጃ በረት አስገባቻት ተባለ። ሃሊማ አልሐምዱሊላህ ዳነች፤ ስትሄድ ግን እጄን አልጨበጠችኝም። «ብሞት ኖሮ አንድ ሰው እንኳ ሳያናግረኝ ነበር!» አለችና ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

ቀጥሎ ጎረቤታችንን ሀያቱን ያዛት። ለባሏ እንኳ ሳትናገር ደበቀችው። «ሳሌሃ ከሰማች ታስዘጋብኛለች» ብላ ነው አሉ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ቀበርናት፣ ሙባሪክ። ስትሄድ ሻንጣህን ተሸክማ መናኸሪያ ያደረሰችህን ሀያቱን። አላህ ይዘንላት። እኔማ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍም የለኝ።

አሁን የምጽፍልህ ከጓሮው ክፍል ሆኜ ነው። ጸጥ ስለሚል ነው። እህትህ ሰልሚያ ምግቡን ደፉ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ተኝቼ የሚታየኝ በበሩ ስር የሚያልፍ እግር ብቻ ነው፤ ሃሊማም ያየችው ይህንኑ ነበር ለካ። ጠያቂ አንድም የለም። ማን ይምጣ፣ ራሴ አይደለሁ እንዴ ያባረርኳቸው! እንዴት እንደከፋኝ አትጠይቀኝ። እስቲ እነዚያን የመርከብ ሰዎች ይህን ጠይቅልኝ፦ በሩን ስትዘጉበት፣ ከውጭ ተቀምጦ የሚያጫውተውስ ማንን ትመድባላችሁ? ሰው የሚደብቀው መዘጋቱን ብቻ ፈርቶ አይመስለኝም፤ መረሳቱን ነው።

ቆየኝ እስቲ። አንድ እግር መጥቶ ቆመ፤ የሰልሚያ አይደለም። በርጩማ ሲጎተት ይሰማኛል።

«አንቺ ሴትዮ፣ አለሽ?»

ሃሊማ ናት! ከቡኢ! ሰልሚያ ልካባት ይሆናል።

«አለሁ። እንዳትገቢ!»

«ማን ይገባልሻል! እዚሁ ነኝ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ለሙባሪክ ደብዳቤ እየጻፍኩ።»

«ምን ብለሽ?»

«ደህና ነን ብዬ።»

በርጩማውን ወደ በሩ አስጠጋች። ከዚያ፣ «እንግዲያ አንቺም ደበቅሽ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብርዱ ነው ያልኩህን ተወው። ታምሜአለሁ ልጄ። ከትናንት ጀምሮ ነው፤ ዱቄቱን እየጠጣሁ ነው፤ ፈርቻለሁም። አክስትህ ግን ከበሩ ውጭ ቁጭ ብላ ይኸው እየሰደበችኝ ነው፤ አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው።

አንተንም ከባሕሩም ከበሽታውም ይጠብቅህ። እዚያ መርከብ ላይ በር የተዘጋበት ሰው ካለ፣ ሄደህ ከውጭ አናግርልኝ።

እናትህ ሳሌሃ

ሃሊማ፣ «እኔም ሰላም ብያለሁ በይው» ብላሃለች።