ለካሴቶች ማረፊያ ሲባል ወደ ኮሪደር ስለ መዛወሬ

ለተከበሩ አባታችን፣ የጥርስ ሐኪምና የሳሎኑን ቴፕ እንዲነካ የተፈቀደለት ብቸኛው ሰው፤
ግልባጭ፦ ለእናታችን፣ ለታናሽ ወንድሜ፣ እንዲሁም ውኃ ፍለጋ ይህ ወደሚለጠፍበት የማቀዝቀዣ በር ለሚመጣ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ሰሞኑን ካርቶን ሲሸከም ለሰነበተው ወገብዎ ፈጣን ማገገምን፣ ለቴፕዎም ረጅም ዕድሜን ከልብ እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት፣ ኅሊናዬን ሲቆረቁረው የሰነበተ አንድ ኃጢአት እንድናዘዝ ይፈቀድልኝ። ባለፈው ሐሙስ እርስዎ ሥራ ላይ ሳሉ፣ የእርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የእርስዎን ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ «በካሴት ካልሆነ አይደመጥም» ያሉትን ዘፈን በስልኬ ከኢንተርኔት ሰምቼዋለሁ። ይባስ ብሎ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጉንፋን የማይለቀው ይመስለኝ የነበረው ዘፋኝ ለካ ፍጹም ጤነኛ ነው።

እንደሚታወቀው ታላቅ ወንድምዎ፣ ማለትም አጎታችን፣ ቤት ሲቀይሩ ባለቤታቸው «ወይ እኔ ወይ ካሴቶቹ» ስላሏቸው፣ እርስዎ በወንድማዊ ርኅራኄ ካሴቶቹን ጠቅላላ ተረክበው መጥተዋል። ትናንት እራት ላይም «ፌንጣ አልጋዋን ይዛ ኮሪደር ትግባ፤ ክፍሏ ለመደርደሪያ ይመቻል» የሚል ታሪካዊ ውሳኔ አስተላልፈዋል። እናታችን ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ወንድሜ ትራሴ ለእሱ ይሰጠው እንደሆነ ጠየቀ። ፌንጣ የተባልኩት ተፈናቃይ እኔ ስለሆንኩ፣ ቅሬታዬን እንደሚከተለው በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

1ኛ. ካሴት ወደ መጀመሪያው የሚመለሰው ቀዳዳው ውስጥ እርሳስ ከትቶ በማሽከርከር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስላሠለጠኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የቀኝ ክንዴ ከግራው መወፈሩን የስፖርት መምህራችን ሳይቀር መስክሯል። ስልኬ ግን የዘፈኑን ስም ስጽፍለት ወዲያው ያመጣዋል፤ ስሙ ቢጠፋኝ እንኳ ከግጥሙ ግማሽ መስመር ይበቃዋል። ይህን ባስረዳዎት «ያልለፉበት ዘፈን ምን ጣዕም አለው?» አሉኝ። ታካሚዎችዎንም ጥርስ ሲነቅሏቸው እንዲሁ የሚያጽናኗቸው ይመስለኛል።

2ኛ. በወጣትነትዎ ከሬዲዮ በቀዱት በዚያ በሚወዱት ዘፈን መሃል፣ አያታችን ከኩሽና «ድስቱ አረረ!» ብለው ይጮኻሉ። ሲቀዳ ሳይታሰብ የገባ ድምፅ መሆኑን የነገረን ሰው ስላልነበረ፣ እኔና ወንድሜ አዝማቹ ነው ብለን አደግን። በአክስታችን ልጅ ሰርግ ላይ ዲጄው ያንኑ ዘፈን ከኢንተርኔት ሲለቅ፣ ልክ ቦታው ሲደርስ፣ እርስዎን ጨምሮ መላው ቤተሰብ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ «ድስቱ አረረ!» አለ። አስተናጋጆቹ ትሪያቸውን እየጣሉ ወደ ኩሽና ሮጡ። ሙሽራዋ ቬሏን ሰብስባ ተከተለቻቸው። ለዚህ የማይረሳ ትዝታ ሙሽሮቹን ወክዬ አመሰግናለሁ፤ እነሱ እስካሁን አላናገሩንም።

3ኛ. «ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ምን ይውጥሽ?» እያሉ ስለሚጨነቁልኝ ልቤ ተነክቷል። ሆኖም መብራት የጠፋ ዕለት ቴፕዎ እንደ ድንጋይ ጸጥ ሲል፣ ስልኬ አስቀድሜ ያወረድኩለትን ሲዘፍን አመሸ። እርስዎም «ጩኸት ነው» እያሉ ጠጋ፣ «ጩኸት ነው» እያሉ ጠጋ ሲሉ፣ በሻማው ብርሃን ጥላዎ ግድግዳው ላይ ትከሻውን ሲንጥ አይቻለሁ። ጥላዎን ይጠይቁት።

4ኛ. የበሰበሰ ጥርስ ያለ ርኅራኄ የሚነቅሉ ሐኪም፣ ክሩ የተበጠሰ ካሴት ሲያዩ እንባ እየተናነቃቸው በፕላስተር ያክማሉ። ጤነኛዋ እኔ ግን ልነቀል ነው።

አጎታችን እንኳ ካሴቶቹን ካስረከቡ ወዲህ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው በየመንገዱ እየዘፈኑ ሲሄዱ ሆዳቸው ጎድሏል፤ ሚስታቸውም አብረዋቸው አሉ። እኔ ካሴቶቹ ይጣሉ አላልኩም፤ አሳዳጊ የበደለኝ አይደለሁም። የምለው፣ በዚህ ዘመን ያ ሁሉ ዘፈን ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አልጋ ግን አይገባም ነው።

ለመደርደሪያው ገና ከአሁኑ እጅ እየነሳሁ፣
እስከ ዛሬ ከሰዓት ድረስ በር ያለው ክፍል የነበራት ታማኝ ልጅዎ፣
ፌንጣ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን እየጨረስኩ ሳለ ሜትር ይዘው መጥተው «ነይ እስኪ፣ ጫፉን ያዢልኝ» ስላሉኝ፣ አሁን ኮሪደሩ ውስጥ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ በግራ እጄ መፈናቀሌን እየለካሁ በቀኜ እጽፋለሁ። ስለተሰጠኝ የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ። ውጤቱም ወጥቷል፦ አልጋዬ ኮሪደሩ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን ወደ ውጭ የሚከፈተው የመጸዳጃ ቤቱ በር ንቅንቅ አይልም። እርስዎ በአሁኑ ሰዓት አንዴ በሩን፣ አንዴ ሜትሩን፣ አንዴ ሆድዎን እያዩ ነው። እኔ እንኳ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ፤ እርስዎ ግን በዚህ ዕድሜዎ ሌሊት ሌሊት አልጋዬ ላይ ቆመው ያንን በር እየታገሉ—

«ፌንጣ! ያ ወረቀት ምንድን ነው?»