ባዶውን የተለካ ሞተር

መስከረም 8፣ ሐሙስ

ያንን ሞተር አምጥቶ የሱቄ በር ላይ ገተረብኝ። "እትዬ፣ አዲስ ሻንጣ ስፊልኝ። ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል፣ ዝናብ የማያስገባ። ማክሰኞ እወጣለሁ" አለኝ፣ እንደ ቀልድ። ለመስቀል ወልቂጤ እማዬ ጋ፣ ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ ቦንጋ። ወንድሜ ወልዴ በሞተር አገር ካልዞረ ያመዋል። አምና ለመስቀል ሲሄድ ወድቆ፣ እግሩ ተሰብሮ ሦስት ወር የተኛው ሌላ ሰው ይመስል!

እሺ አልኩ። ምን ልበል? አየር ጤና ላይ ሃያ ዓመት የመኪና ወንበር ልብስ የሰፋሁ ሴትዮ ሻንጣ አልችልም ልበል?

እዚህ ብቻ ልጻፈው። አምና የጣለው እሱ እንደሚለው ጉድጓድ አይደለም። እኔ ነኝ። የሰፋሁለት ሻንጣ ሲመለስ ሳጥበው አየሁት። ታቹን ጎማ ፍቆት ሸራው ሳስቷል፣ ማሰሪያው ከስፌቱ ተነቅሎ የለም። የት ሊገባ ይችላል? ጎማው ውስጥ ነዋ። ዓመት ሙሉ ዋጥኩት።

መስከረም 9፣ ዓርብ

ሁለት መርፌ ሰበርኩ። ሥራው አልገፋልኝም። አምና ለክቼ ነበር እኮ! በሻንጣውና በጎማው መሃል አራት ጣት ነበረ። እንዴት ነካው?

ወልዴ ምሳ ሰዓት ብቅ አለ። ደረጃ ሲወርድ ያነክሳል። ለእማዬ ድኛለሁ ብሏታል። "ዘንድሮ በመኪና ሂድ በቃ" ስለው ሳቀብኝ። አንጀቴን በላው።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ገባኝ። ጎረቤቴ በያጁ ጋሽ ሰዒድ ናቸው ሳያውቁት ያሳዩኝ። ሻንጣው የሚደገፍበትን ብረት ሠርተው ሊሞክሩ ሞተሩ ላይ ቁጭ ሲሉ ኋላው ዝቅ አለ። ወፍራም ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። አራቱ ጣት ሁለት ሆነ። የመስቀል ጭነት ሲጨመርበት፣ ጉድጓድ ሲመታ ምን ሊተርፍ?

ወይ እኔ ደንቆሮ! የመኪና ወንበር የሚለካው ሰው ሳይቀመጥበት ነው። በለመደ እጄ ሞተሩንም ባዶውን ለካሁት።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። "ምነው ልጄ፣ ብረቱ አልሆነም?" አሉኝ። ሆኗል አልኳቸው።

መስከረም 11፣ እሁድ

እሁድ መርፌ አልነካም። ዛሬ ነካሁ፣ መድኃኔዓለም ይቅር ይበለኝ።

የጭነት መኪና ሸራ፣ ድርብ። አፉ ሦስቴ ተጠቅልሎ የሚታሰር። ታቹ ላይ ስፌት የለም፣ የመርፌ ቀዳዳ ውሃ ያስገባል። የሚንጠለጠል ማሰሪያ አንድም የለም። ከጎማው የሚያርቀው የጋሽ ሰዒድ ብረት አለ። ጣቴ አብጧል።

መስከረም 12፣ ሰኞ

ሻንጣዎቹን ሞላሁ። የእማዬ ጋቢ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ የእሱ ልብስና መፍቻዎች። ወልዴን አስቀመጥኩትና "ዝለልበት" አልኩት። ጎንበስ ብዬ እጄን በሻንጣውና በጎማው መሃል ከተትኩ። ሲዘልም አራት ጣት አለ።

እዚያው እንደተጎነበስኩ፣ ፊቱን ሳላይ ነገርኩት። "አምና የጣለህ የኔ ማሰሪያ ነው።"

"አውቃለሁ" አለኝ። ማሰሪያው ጎማው ላይ ተጠምጥሞ አግኝቶት ነበር። ሰው ሳይደርስ ቆርጦ ጣለው። እማዬ ከሰማች እትዬን አትምራትም ብሎ።

"ታዲያ ለምን ተመልሰህ እኔ ጋ መጣህ?"

"ሌላ ጋ ባሰፋ እንዳወቅኩ ይገባሽ ነበራ።"

ቀና ማለት አቃተኝ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወጣ፣ በዝናብ። ሰበታ ስትደርስ ደውል ብዬው ነበር። አልደወለም። ሱቅ ከፍቼ ስልኬን ሳይ ዋልኩ።

ሰባት ሰዓት ላይ እማዬ ደወለች። "ጋቢው ደርሶኛል፣ ጠብታ አልነካውም" አለች። እፎይ!

"ወልዴስ?" አልኳት።

"ይኸው እየበላ ነው። ከሞተሩ ሲወርድ ትንሽ አነከሰብኝ። ብርዱ ነው ይላል።"

"ብርዱ ነው፣ እማዬ" አልኳት እኔም።