የመንጋጋዬ ምስክርነት

ውድ እትዬ፣

ካለሽበት ሆነሽ «ይሄ ሽማግሌ ደግሞ አሁን ምን አጠፋ?» ማለትሽ አይቀርም። በዚህ ጊዜ ግን ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የጥርሴ ነው። ከሞትሽ ስድስት ዓመት ሆነሽ። ግራ ሲገባኝ የምጠይቀው አንቺን ነበር፤ እስካሁን ምትክ አላገኘሁም።

ጭንሽ ላይ ያደገችው የልጅ ልጄ አጥንት ለቃሚ ሆናልሻለች። እሷ «ተመራማሪ» ነው የምትለው። መንገድ ሲቆፈር ከኮረብታው ሥር የአንዲት ሴት አጽም ወጣ፤ ዕድሜዋን በካርቦን ለክተው ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሰጧት። አሁን ማወቅ የፈለጉት ሴትዮዋ እዚሁ አድጋ ይሁን ከሌላ ቦታ መጥታ ነው። ለዚህ ጥርሷን ይመረምራሉ። በልጅነት የጠጣሽው ውሃ ከአገሩ ዐለት ያመጣውን ምልክት ጥርስሽ ሽፋን ላይ ይተዋል፤ ብታረጂም አይለቅም። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው።

ለማወዳደሪያ ደግሞ የአገሩ ተወላጅ ያስፈልጋል። እሷ የቀንድ አውጣ ዛጎልና የአይጥ ጥርስ ሰብስባለች። እኔም ያን ሰሞን መንጋጋዬን አስነቅዬ ስለነበር ደረቴን ነፍቼ ሰጠኋት። «አርባ ዓመት የዚህን ከተማ የውሃ ቆጣሪ ያነበብኩ ሰው ነኝ! ሌላ ውሃ በአፌ አልዞረም» አልኳት።

ባለፈው ማክሰኞ ላቦራቶሪዋ ድረስ አስጠራችኝ። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች በሩን ዘጋችው።

«አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ። የማን ጥርስ ነው የሰጠኸኝ?»

«የራሴ ነዋ! ክፍተቱን ላሳይሽ?» ብዬ አፌን ከፈትኩላት።

«አትቀልድ። ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ። አይጦቹ የዚህ አገር ናቸው፣ ቀንድ አውጣዎቹም። አንተ ግን አይደለህም።»

«አይጡ ተወላጅ፣ እኔ መጤ?»

«ያ መንጋጋ ሽፋኑ የሚሠራው እስከ ሦስት ዓመት ነው። ያኔ እዚህ አልነበርክም ነው የሚለው። አለቃዬ ደግሞ መሣሪያውን አበላሽተሻል ይለኛል። ሽንት አምጣ ስትባል በብልቃጡ ሻይ ሞልተህ የሰጠህ አንተ አይደለህም እንዴ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል። እትዬ፣ ዕድሜ ልኬን ስዋሽ ሁሉም አመነኝ፤ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

ቤት ገብቼ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና ሳልጠጣው አፍጥጬበት ተቀመጥኩ። እዚሁ ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለው ክፍል መወለዴን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሌላ የነገረኝ የለም፤ እናትም አባትም ትዝ አይሉኝም፣ አንቺ ብቻ ነሽ ትዝ የምትይኝ። ሌሎቹ ልጆች ቧንቧው ሥር አፋቸውን ደቅነው ሲጠጡ ለእኔ ብቻ አፍልተሽ ታቀዘቅዢ ነበር። ጎረቤታችን ስትስቅብሽ «ሆዱ ገና ውሃውን አልለመደም» ትያታለሽ።

እዚሁ የተወለደ ልጅ ሆድ ምኑን ነው የሚለምደው? ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ ሰባ ዓመት ፈጀብኝ! ከየት አመጣሽኝ? አዝለሽኝ አብረን መጣን? ወይስ ከአንዱ ደጃፍ ላይ አነሳሽኝ? የማስበው ሁሉ እርስ በርሱ ይጣላብኛል።

አሁን የእኔንም ጉድ ላውጣው። አንድ ጠዋት መንጋጋሽ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽው ሲጠፋብሽ «ከዳቦው ጋር ዋጥኩት» አልኩሽ አይደል? ሳምንት ሙሉ አኮረፍሽኝ። አልዋጥኩትም። የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ በልደትሽ ቀን ሻይሽ ውስጥ ልጨምረው። ልደትሽ ሳይደርስ ሞተሽ ቀደምሽኝ።

ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ከእኔ ጋር ከገጠመ አብረን መጥተናል። ከአይጦቹ ጋር ከገጠመ ግን አንቺ የዚህ አገር ነሽ፤ እኔ ደግሞ… እንጃ። በሁለቱም መንገድ የልጅቷ መሣሪያ እንዳልተሳሳተ ይታወቅላታል። የምጎዳ ካለ እኔ ብቻ ነኝ። ለዚህ ነው ሁለት ቀን የፈጀብኝ፤ በእሷ እንባ ላይ ሁለት ቀን መጨመሬን ግን አትንገሪብኝ።

ዛሬ ጠዋት ወስጄ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለች፣ በጥርጣሬ እያየችኝ።

«የእትዬ።»

ቀስ ብላ «አባባ፣ ጥርስ እኮ ዝምድና አይናገርም። የሚናገረው ውሃውን ብቻ ነው» አለችኝ።

«እኔስ መች ዝምድና ጠየቅሁት?» አልኳት፤ ይሄም ውሸት ነበር።

በላዩ የሚሞላ ቅጽ ያለበት ትንሽ ፖስታ ሰጠችኝ። «የትውልድ ቦታ» ከሚለው ፊት «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። «ዝምድና» ከሚለው ፊት «እህት» ብዬ ጻፍኩ፤ ይሄኛውን ደግሜ አደመቅሁት።

ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ብላኛለች። እስከዚያ ውሃዬን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ እጠጣለሁ። ማን ያውቃል፣ ሆዴ ገና አልለመደው ይሆናል።

ጥርስሽን ያልዋጠው
ወንድምሽ